በዩኮላ ጫካ ያደርንበት ሌሊት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል፤ መምህር ከሆንን በኋላም ለተማሪዎቻችን ደጋግመን ነግረናቸዋል። ነገር ግን ሰው የሚናገረውን ሁሉ ያውቀዋል ማለት አይደለም። እኛ የዚህን ተረት ፍች በእውነት የተረዳነው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ ከአገራችን እጅግ በራቀ በአንድ የፊንላንድ ጫካ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እግራችን እስከ ጉልበታችን በረግረግ ተውጦ፣ የቆምንበትን ስፍራ ለይተን ማወቅ ባቃተን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለአንባቢ የምናቀርበው የድል ታሪክ አይደለም፤ ሆኖም ሰው ከድሉ ይልቅ በስሕተቱ የሚያስተምርበት ጊዜ ስላለ፣ ልንደብቀው የወደድነውን ነገር ገልጠን ልንጽፈው ደፈርን።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በሰሜን አውሮፓ አገሮች እጅግ የተወደደ አንድ ዓይነት የሩጫ ውድድር አለ። ተወዳዳሪው የሚሮጠው በተጠረገ ጎዳና ወይም በስታዲየም ውስጥ አይደለም፤ መንገድ በሌለበት ጫካ ውስጥ ነው። በእጁ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ በካርታው ላይ በክብ የተመለከቱትን ጣቢያዎች በተራ በተራቸው ፈልጎ ያገኛል። በየጣቢያው ነጭና ብርቱካንማ ቀለም ያለው ጨርቅ ተሰቅሏል፤ የጣቢያው መለያ ቁጥርም በዚያው ተጽፏል። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚኬድ የሚነግር ሰው የለም፤ ያንን የሚቆርጠው ሯጩ ራሱ ነው። እንግሊዞች «ኦሪየንቲሪንግ» ይሉታል። ፊንላንዳውያን ግን «ሱኒስቱስ» ብለው ሰይመውታል፤ ቃሉም «ሱንታ»፣ ማለት «አቅጣጫ»፣ ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ይህ ስፖርት አስቀድሞ የወታደሮች የካርታ መለማመጃ ነበር። በ1897 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት የምንጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው) በኖርዌይ ለሕዝብ የተከፈተ ውድድር ተደረገ። በ1919 ደግሞ ኤርንስት ኪላንደር የተባሉ የስዊድን የጦር መኰንን፣ ወጣቶች ከሩጫ ሜዳ እየራቁ መሄዳቸውን ተመልክተው፣ ከስቶክሆልም በስተደቡብ ባለው ጫካ ታላቅ ውድድር አዘጋጁ። በ1961 ዐሥር አገሮች በኮፐንሃገን ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑን መሠረቱ።

ፊንላንድ ለዚህ ስፖርት የተፈጠረች አገር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከምድሯ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ጫካ ነው፤ ከጫካውም ውስጥ ማንም ሰው፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ በእግሩ የመሄድና የዱር ፍሬ የመልቀም ልማዳዊ መብት አለው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በረዶ ሲቀልጥ ትቶት የሄደው ኮረብታ፣ ቋጥኝና ረግረግ በየስፍራው ተበትኗል። ካርታውም ይህን ሁሉ በቀለም ይናገራል፤ ሰማያዊው ውሃ፣ ቡናማው የከፍታ መስመር፣ ጥቁሩ ቋጥኝና መንገድ፣ ብጫው ግልጥ ሜዳ ነው። ነጩ ባዶ ስፍራ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚሮጥበት ጫካ ማለት ኖሯል። አረንጓዴው ደግሞ ለምለም መስክ ሳይሆን፣ ሰው ሊያልፍበት የሚቸገርበት ጥቅጥቅ ያለ ስፍራ ነው።

ከዚህ ስፖርት የቅብብል ውድድሮች ሁሉ በታላቅነቱ የታወቀው «ዩኮላ» የሚባለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1949 ሲሆን፣ በየበጋው በተለያየ ወረዳ ይዘጋጃል። ቡድኑ ሰባት ሰዎች ያሉት ሆኖ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበለ እስከ ማግሥቱ ቀን ይሮጣል። ቁጥሩ ሰባት የሆነበትም ምክንያት አለው። አሌክሲስ ኪቪ የተባለው የፊንላንድ ደራሲ በ1870 «ሰባቱ ወንድማማቾች» የሚል ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። ዩኮላ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የወንድማማቾቹ ቤት ስም ነው። በዚያ ዘመን በፊንላንድ ማንበብ የማይችል ሰው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አትፈቅድለትም ነበር። ሰባቱ ወንድማማቾች ግን ፊደል መቍጠሩን ጠልተው ከመምህራቸው ያመልጡና ከሰው ተለይተው ጫካ ይገባሉ። ብዙ መከራ ከተቀበሉ በኋላ ማንበብ ተምረው ወደ ሰው መካከል ይመለሳሉ። በ1978 የተጀመረው፣ አራት ሴቶች የሚሮጡበት ውድድርም ስሙ «ቬንላ» ነው፤ ይኸውም ወንድማማቾቹ የተመኟት ልጅ ስም ነው።

እኛ ወደዚህ ውድድር የገባነው በሰዎች የተሳሳተ ግምት ምክንያት ነው። በፊንላንድ ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ፣ የምንኖርበት መንደር ትንሽ የስፖርት ማኅበር ነበረችው። የማኅበሩ ሰዎች ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ፊንላንዳውያን ሩጫ የሚያከብሩ ሕዝብ ናቸው፤ ስለ ፓቮ ኑርሚ ሲያወሩ ስለ አባታቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። በ2005 በሄልሲንኪ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ ዲባባ በአምስት ሺህና በዐሥር ሺህ ሜትር፣ ቀነኒሳ በቀለም በዐሥር ሺህ ሜትር ሲያሸንፉ በስታዲየም ተቀምጠው ያዩ ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ። ስለዚህ እኛንም የነዚያ ጀግኖች ታናሽ ወንድም አድርገው ቆጠሩን። እኛ ግን በትምህርት ቤት ሳለን ለመቶ ሜትር ሩጫ እንኳ ተመርጠን የማናውቅ ሰዎች ነን። ይህን በግልጥ መናገር ሲገባን በዝምታ አለፍነው። ሙገሳው ጣፍጦን ነበርና ነው። የኋላው ስሕተት ሁሉ የበቀለው ከዚህች ከትንሽቱ ዝምታ ነው።

በየሳምንቱ አንድ ማታ የማኅበሩ አባላት በመንደሩ ጫካ ይለማመዱ ነበር። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ሐኪም፣ ሹፌር ሳይባል ሁሉም ካርታ ይዞ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀድማን ጨርሳ ጭማቂ እየጠጣች ጠበቀችን። እያደር ግን ካርታውን ወደ ሰሜን አዙሮ መያዝን፣ አውራ ጣትን ባሉበት ስፍራ ላይ ማሳረፍን፣ እርምጃ መቍጠርን ተማርን። ያስተማሩን በዕድሜ ከሰባ ዓመት ያለፉ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የእጅ ሥራ መምህር ናቸው። እርሳቸው ጥቂት ቃል ተናጋሪ ነበሩ፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይታክቱ ይደጋግሙልን ነበር፦ «ጫካው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሰው ነው። ያለህበትን ሳታውቅ አትሩጥ።»

እኒህ ሽማግሌ አንድ ምኞት ነበራቸው። በዩኮላ ሕግ፣ ጧት የተወሰነው ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ጓደኛው ያልደረሰለት ሯጭ መጠበቁን ትቶ፣ ከሌሎች ከዘገዩ ቡድኖች ሯጮች ጋር በአንድነት እንዲነሣ ይደረጋል። የእኛ ማኅበር ሯጮች ፈጣኖች ስላልነበሩ፣ ሰባተኛውን ዙር ሁልጊዜ የሚሮጡት ሽማግሌው፣ ለብዙ ዓመታት የተነሡት እንደዚህ በጅምላ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለውን ውድድር «ዱላ ቅብብል» እንለዋለን። በዩኮላ ግን የሚሰጠው ዱላ አይደለም፤ ሮጦ የደረሰው ሰው የሚቀጥለውን ሯጭ ካርታ ከተሰቀለበት አንሥቶ በእጁ ይሰጠዋል። በጅምላ ለሚነሣው ሰው ካርታውን የሚያቀብለው ጓደኛ የለም። «አንድ ጊዜ እንኳ ከጓደኛዬ እጅ ተቀብዬ ብሮጥ» ይሉ ነበር ሽማግሌው። በዚያ ዓመት ሦስት ብርቱ ወጣቶች ማኅበሩን ስለ ተቀላቀሉ ተስፋው የሚፈጸም መሰለ። አራተኛው ብርቱ ሰው ደግሞ «ኢትዮጵያዊው» ነበር።

ጁን 16 ቀን 2018 ከላህቲ ከተማ አጠገብ ሆሎላ በተባለው ወረዳ ደረስን። በሜዳው ላይ የተተከለው ድንኳን ብዛት የአንድ ታላቅ ሠራዊት ሰፈር ይመስላል። በዩኮላ ሌሊት ከ1 ሺህ 500 የሚበልጡ ቡድኖች ይሰለፋሉና፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን የእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያ ሯጭ በግንባሩ መብራት አስሮ በአንድ ጊዜ ወደ ጫካው ሲተም ማየት ልብን ያንቀጠቅጣል። የዚያ ሁሉ መብራት ጅረት ኮረብታውን እየዞረ ሲወጣ፣ በመስቀል ዋዜማ ችቦ ይዞ የሚጓዝ ሕዝብ ታወሰን። የእኛ ተራ ሁለተኛው ዙር ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ሊተኙ ወደ ድንኳናቸው ሲገቡ ትከሻችንን መታ አድርገው «ቀስ ብለህ ጀምር» አሉን።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀር የመጀመሪያው ሯጫችን ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ካርታችንን ሲሰጠን ትንፋሹ ስለ ተቋረጠ ምንም አልተናገረም፤ በዓይኑ ብቻ «በርታ» አለን። እኛም ሮጥን። የፊንላንድ የሰኔ ሌሊት ፈጽሞ አይጨልምም፤ ሰማዩ ግራጫ እንደ ሆነ ያድራል፤ ጥቅጥቅ ባለው የጥድ ደን ውስጥ ግን ያለ መብራት ካርታ ማንበብ አይቻልም። መጀመሪያ ሽማግሌው እንዳዘዙን ቀስ ብለን ስለ ጀመርን አምስት ጣቢያዎችን ያለ ችግር አገኘን። በየጣቢያው የያዝነውን የኤሌክትሪክ መታወቂያ ከመሣሪያው ጋር እያስነካን ስናልፍ ልባችን ሞቀ። «ይህ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን በፍጥነት አንሮጥም?» አልን ለራሳችን።

በዚያን ጊዜ በስተግራችን ወደ ሃያ የሚሆኑ መብራቶች ተሰልፈው ሲበርሩ አየን። ሰዎቹ እጅግ የተማመኑ ይመስላሉ። እኛም ካርታችንን አጥፈን ተከተልናቸው፤ ሩጫችንም ያን ጊዜ በእውነት የሚያምር ሩጫ ነበር። በዚህ ውድድር ግን ሰው ሰውን ብቻ ተከትሎ እንዳይሮጥ ብልሃት ተደርጎበታል። የየቡድኑ ጣቢያዎች በከፊል የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ዙር ውስጥ አንዱ ወደ ቀኝ ሸለቆ፣ ሌላው ወደ ግራ ሸለቆ ይላካል፤ ሰባቱ ዙር ሲያልቅ ግን ሁሉም ቡድን ያንኑ መንገድ ይሮጣል። ይህን በትምህርት ጊዜ ሰምተነው ነበር። ከመብራቶቹ ጋር የደረስንበት ጣቢያ ቍጥር 118 መሆን ሲገባው 113 ይል ነበር። ሃያዎቹ ሰዎች መታወቂያቸውን እያስነኩ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብቻችንን ቀረን።

ትልቁ ጥፋት ይህ እንኳ አልነበረም። በዚያው ቆመን ካርታውን ብናይ ኖሮ፣ ጥፋቱ በአምስት ደቂቃ ይታረም ነበር። ነገር ግን ኀፍረት ሰውን ያስሮጠዋል። «የእኛ ጣቢያ ከዚህ አይርቅም» ብለን በግምት ወደ ቀኝ ሮጥን፤ አንድ ቋጥኝ አየንና በካርታው ላይ ካለው ቋጥኝ ጋር በግድ አስማማነው፤ አንድ ኮረብታ አየንና እርሱንም እንደዚሁ አስማማነው። ሰው ሊያምን የሚፈልገውን ነገር ካርታም ይመሰክርለታል! ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። በመጨረሻ መሬቱ ከእግራችን በታች ተናወጠና እስከ ጉልበታችን በረግረጉ ገባን። ትንኝ ፊታችንን ሸፈነው። ሰዓታችንን ስናይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል።

በዚያ ረግረግ ውስጥ ያሰብነውን ለመናገር ያሳፍራል። በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሽማግሌው አልነበረም፤ ስለ ስማችን ነበር። ቀጥሎም የምንናገረውን ሰበብ ማዘጋጀት ጀመርን፤ መብራቱ ደከመ እንላለን፣ ካርታው ረጥቦ ተበላሸ እንላለን አልን። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚባለው ይህ ነው። ስልካችንን በድንኳን ትተነው ነበር፤ በውድድሩ ውስጥ በስልክ መንገድ መፈለግ የተከለከለ ነውና። በዚያ ሰዓት በኪሳችን ቢገኝ ኖሮ ምን እናደርግ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የሰባቱ ወንድማማቾች ነገር ትዝ አለን። እነርሱ ፊደል ማንበብ ጠልተው ጫካ ገቡ፤ እኛ ደግሞ ጫካ ውስጥ ሆነን ማንበብ ጠላን። ሌላውን ሰው ፊደል የምናስቆጥር መምህር ሆነን ሳለ፣ በእጃችን ያለውን ገጽ አጥፈን የሰው መብራት ስንከተል ቆየን። ይህን ስናስብ ልባችን ጥቂት ረጋ። ከረግረጉ ወጥተን በአንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ያስተማሩንን ከመጀመሪያው ጀመርን። ካርታውን በኮምፓሱ ወደ ሰሜን አዞርን። «መሆን አለበት» የሚለውን ትተን፣ በዓይናችን የምናየውንና የማንጠራጠረውን አንድ ነገር ፈለግን። እርሱም ተገኘ፤ ረግረጉን ለማድረቅ ሰው የቆፈረው ቀጥ ያለ ቦይ ነበር። ተፈጥሮ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አታሰምርም። በካርታው ላይ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ መስመር ሁለት ብቻ ነበር፤ ከሁለቱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው አንዱ ነው። ቦዩን ተከትለን እየተራመድን፣ ልብ በሉ ሳንሮጥ፣ ከአንድ የእግር መንገድ ጋር ከሚገናኝበት ደረስን። አውራ ጣታችንን በካርታው ላይ አሳረፍን። ያለንበትን አወቅን! ከትክክለኛው ጣቢያ አንድ ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ርቀን ነበር።

የቀሩትን ጣቢያዎች ሁሉ በእርጋታ አገኘናቸው። ከጫካው ስንወጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፤ በምሥራቅ ሰማዩ ቀልቷል። ሦስተኛው ሯጫችን ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆሞ ጠብቆናል። ካርታውን ስንሰጠው «ይቅርታ» አልነው፤ «ደግ ነው» ብሎ ሮጠ።

በማለዳ ሽማግሌው ቡና ይዘውልን መጡ። የደከመውን መብራት፣ የረጠበውን ካርታ ለመናገር አፋችን ተከፍቶ ነበር፤ ፊታቸውን ስናይ ግን ውሸቱ አልወጣ አለን። «ሰው ተከትለን ጠፋን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሯጭም አይደለንም፤ ከመጀመሪያው ልንነግራችሁ ይገባ ነበር» አልናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ቀይ እርሳስ ከኪሳቸው አወጡ። «የሄድክበትን በካርታው ላይ አሳየኝ» አሉ። ቁጣ ጠብቀን ነበር፤ እርሳቸው ግን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተከተሉ፣ ከ113 በኋላ የተጠማዘዘውን መንገዳችንን ሁሉ እየጠየቁ አሰመሩት። ቦዩ ጋ ሲደርሱ እርሳሳቸውን አቆሙና «እዚህ ማንበብ ጀመርክ» አሉን።

ሌሎቹ ጓደኞቻችን እንደ አንበሳ ሮጡ። ነገር ግን ስድስተኛው ሯጫችን ከጫካው ብቅ ሲል የጅምላው መነሻ ሰዓት በ14 ደቂቃ አልፎ ነበር። እኛ ያባከንነው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ስለ ሆነ፣ ሒሳቡን መሥራት ለማንም አያስቸግርም። ሽማግሌው ከብዙ መቶ ሯጮች ጋር ወደ መነሻው ከመሄዳቸው በፊት ወደ ቆምንበት አጥር መጡ። «ካርታውን ባታቀብሉኝም እጃችሁን ስጡኝ» ብለው፣ በዚያ የነበርነውን ሁሉ በየተራ ጨበጡን። የእኛን እጅ ሲጨብጡ አንገታችንን ደፋን። እርሳቸው ግን እንደ ወጣት እየዘለሉ ሄዱ፤ ቀን ሳለም ደኅና ጨርሰው ተመለሱ።

ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ አገራችን ስንመለስ ያቺን ካርታ ይዘን መጣን። ዛሬ በምናስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ተማሪዎቻችን የቀዩን መስመር ጠመዝማዛነት እያዩ ይሥቃሉ፤ እኛም ታሪኩን ሳናሳጥር እንነግራቸዋለን። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ግቢ በወረቀት ያነሣንበትን ካርታ እናድላቸዋለን። በየዛፉና በየአጥሩ ጥግ ትንሽ ጨርቅ እያሰርን ፈልገው እንዲያገኙ እናደርጋለን። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ቁራጭ ጨርቅና የመምህሩ ትጋት ይበቃል። ልጆቹም በጂኦግራፊ ትምህርት ሸክም መስሎ ይታያቸው የነበረውን ሚዛንና አቅጣጫ እየተሯሯጡ ይማሩታል። መምህራን ባልደረቦቻችን እንዲሞክሩት እንመክራለን።

ባለፈው ወር ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ በሩጫ ከሁሉ የሚቀድመው ልጅ፣ ጨርቁን አጥቶ ከጓደኞቹ ኋላ ተከትሎ ሲሮጥ አየነው። ልንጠራው ከጀልን፤ ነገር ግን ከጥቂት እርምጃ በኋላ ራሱ ቆመ። ወረቀቱን ዘረጋ፤ ወደ ሰሜን አዞረው፤ ጣቱንም አሳረፈበት። እኛም ዝም ብለን ጠበቅነው።